ብቻዋን የተኛችው የአቆስጣ ግልገል፦ ብረዳት ወንጀለኛ እሆናለሁ?

የተጠየቀው ጥያቄ፦ «የምኖረው አሜሪካ፣ ሜይን ግዛት ባህሩ አጠገብ ነው። በሜይ መጨረሻ ከልጄ ጋር ዳርቻው ላይ ስንሄድ አንዲት ትንሽ አቆስጣ ብቻዋን ተኝታ አገኘን። እናቷ የለችም። ከዓይኗ እንባ ይወርዳል። ልጄ አለቀሰ። በባልዲ ውኃ አፍስሼባት፣ ተሸክሜ ወደ ባህሩ ልመልሳት ስል አንድ ሰውዬ ከሩቅ ‹እንዳትነኪያት፣ በሕግ ትጠየቂያለሽ!› ብሎ ጮኸብኝ። ይሄ ምን ዓይነት ሕግ ነው? ዓሣ አጥማጅ በመረቡ ሲፈጃቸው ዝም ብሎ፣ ልትረዳ የሄደችን እናት ይቀጣል? ደግሞ እዚህ አቆስጣ ሞልቷል፣ ሊጠፋ ነው የሚባል እንስሳ አይደለም። ልጄ ከዚያው አንድ አጥንት ለቅሞ ቤት አምጥቷል። እሱስ ያስጠይቀናል?»

ምላሽ፦

ሰውዬው ትክክል ነው። ተሸክመው ወደ ባህር ቢያስገቧት ኖሮ ሕግ ይጥሱ ነበር። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከቅጣቱ ይልቅ ግልገሏ ናት። በደግነት ሊገድሏት ይችሉ ነበር። ስለዚህ ከእሷ ልጀምርና ወደ ሕጉ እመጣለሁ።

አቆስጣን አብዛኞቻችን የምናውቀው ከኦሪት ዘጸአት ነው፤ ለድንኳኑ የተሰጠው «የአቆስጣ ቁርበት»። ዛሬ ስሙን የምንሰጠው በእንግሊዝኛ «ሲል» (seal) ለሚባለው እንስሳ ነው። በሜይንና በአካባቢው ጠረፍ በብዛት የሚታየው ትንሹ ዝርያ የሚወልደው በሜይና በጁን ነው። እናቲቱ ልጇን ድንጋይ ወይም አሸዋ ላይ አስተኝታ ዓሣ ፍለጋ ትሄዳለች። ለሰዓታት ልትቆይ ትችላለች። ሥራ የሄደች እናት ናት እንጂ ልጇን የጣለች አይደለችም። ስትመለስ ግን ሰው ከቦ ካየች አትጠጋም። አንገቷን ከውኃው ብቅ ታደርጋለች፣ ታያለች፣ ትጠብቃለች፣ ሰዉ ካልተበተነ መልሳ ትሰምጣለች። ይሄ ሲደጋገም ልጇን ትታ ልትቀር ትችላለች። ያኔ ግልገሏ የእውነት ወላጅ አልባ ትሆናለች።

እንባው የሐዘን አይደለም። እኛ እንባችንን ከዓይን ወደ አፍንጫ የሚያወርድ ቀጭን ቱቦ አለን። አቆስጣ የላትም። ስለዚህ እንባው ሁልጊዜ ፊቷ ላይ ይፈስሳል። በዓይኗ ዙሪያ እርጥብ ክብ ካዩ ሰውነቷ በቂ ፈሳሽ አለው ማለት ነው። የሚያሳስበን ፊቷ ደርቆ ስናይ ነው። ጭንቅላቷንና የኋላ ክንፎቿን ወደ ላይ አንስታ እንደ ሙዝ ጎብጣ ከተኛች ደግሞ ተመችቷታል። ባልዲውን በተመለከተ፦ አቆስጣ ዓሣ አይደለችም። በሳንባ የምትተነፍስ፣ ልጇን የምታጠባ እንስሳ ናት። ከባህር የምትወጣው ልታርፍና ልትሞቅ ነው። የሚሞቅ ሰው ላይ ቀዝቃዛ ውኃ እንደመድፋት ነው።

ለራስዎም ለልጅዎም ማሰብ አለብዎት። ግልገል ብትሆንም ትነክሳለች፤ የአፏ ባክቴሪያ ደግሞ ጣትን ክፉኛ የሚያሳብጥ በሽታ ያመጣል። በ2022 በዚያው በሜይን የወፍ ጉንፋን ቫይረስ አቆስጣዎችን ገድሏል። ውሻ ይዘው ከሆነ ማሰሪያውን አይልቀቁ።

አሁን ወደ ሕጉ። ስሙ የባህር አጥቢ እንስሳት ጥበቃ ሕግ ነው። ፕሬዚዳንት ሪቻርድ ኒክሰን የፈረሙት ኦክቶበር 21 ቀን 1972 ነው (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዓሣ ነባሪን፣ ዶልፊንን፣ አቆስጣንና የባህር አንበሳን የሚከታተለው የንግድ ሚኒስቴር የዓሣ ሀብት መሥሪያ ቤት ነው። ዋልረስ፣ ማናቲ፣ የባህር ኦተርና የዋልታ ድብ ደግሞ በአገር ውስጥ ሚኒስቴር ሥር ላለው የዓሣና የዱር እንስሳት አገልግሎት ተሰጥተዋል። የዋልታ ድብ የባህር እንስሳ መባሉ ሰዉን ይገርመዋል፤ ኑሮው ግን በባህር በረዶ ላይ ነው።

ሕጉ የሚከለክለውን ነገር በአንድ ቃል «መውሰድ» ይለዋል። ቃሉ ያሳስታል። ውስጡ ማወክ፣ ማደን፣ መያዝና መግደል አሉ፤ መሞከርም ጭምር። በ1994 ማሻሻያ ማወክ ራሱ ለሁለት ተከፈለ። አንደኛው ጉዳት ሊያደርስ የሚችል ድርጊት ነው። ሁለተኛው ምንም ቁስል ባይኖርም እንስሳውን ከትንፋሹ፣ ከማጥባቱ፣ ከመመገቡ ወይም ከዕረፍቱ የሚያናጥብ ነገር ነው። የተኙ አቆስጣዎች ፎቶ ላንሳ ብሎ ተጠግቶ ሁሉንም ወደ ባህር ያስበረገገ ሰው ሁለተኛው ውስጥ ይወድቃል። ድሮን ከላይ ማስጮህም እንደዚያው ነው። ለዶልፊን ዓሣ መወርወርም ክልክል ነው፤ ከጀልባ መብላት የለመደ ዶልፊን ፕሮፔለር አጠገብ ይሞታልና። የፍትሐ ብሔር ቅጣቱ ዛሬ ከ30 ሺህ ዶላር በላይ ሊደርስ ይችላል። እያወቀ የጣሰ ሰው እስከ አንድ ዓመት እስራትም አለበት። በቅን ልቦና የተሳሳተች እናት ላይ እዚህ ድረስ ይሄዳሉ ማለቴ አይደለም። ሕጉ ግን «አሳዝናኝ ነው» የሚል የመከላከያ አንቀጽ የለውም።

«አቆስጣ ሞልቷል» ያሉት ላይ ሁለት ሕጎች ተደባልቀውብዎታል። ሊጠፉ የተቃረቡትን ብቻ የሚጠብቀው በ1973 የወጣው ሌላ ሕግ ነው። የ1972ቱ የባህር አጥቢ የሆነውን ሁሉ ይጠብቃል፤ ቢበዛም ባይበዛም። እስኪመናመን መጠበቅ ምን እንደሚያመጣ ያወጡት ሰዎች ያውቁ ነበር። በቤሪንግ ባህር የነበረችው ግዙፏ የስቴለር የባህር ላም ሳይንስ ባወቃት በ27 ዓመት ውስጥ፣ ከ1741 እስከ 1768፣ ተበልታ አለቀች። የካሪቢያን መነኩሴ አቆስጣ ለመጨረሻ ጊዜ የታየችው በ1952 ነው። ዛሬ የሞላው አቆስጣም ዝም ብሎ አልሞላም። ጎረቤትዎ ማሳቹሴትስ እስከ 1962 ድረስ አቆስጣ ገድሎ አፍንጫውን ቆርጦ ላመጣ ሰው ገንዘብ ይከፍል ነበር። መንግሥት ነበር የሚከፍለው። ዓሣችንን ይጨርሳሉ ተብለው ነው። በምዕራቡ ጠረፍም የካሊፎርኒያ የባህር አንበሳ በ1975 ከ90 ሺህ ያነሰ ነበር፤ ከሦስት አሥርት ዓመታት በኋላ ከ250 ሺህ አልፏል። እርስዎ «ሞልቷል» ያሉት የዚህ ሕግ ፍሬ ነው።

ትልቁ ጥያቄዎ የዓሣ አጥማጆቹ ነው። ቅሬታዎ ግማሹ እውነት ነው፤ ግማሹን ግን ማረም አለብኝ።

ይህን ሕግ የወለደው ዋነኛው ቁጣ ራሱ የዓሣ አጥማጆች ጉዳይ ነበር። በምሥራቃዊ ሐሩር ፓስፊክ ውስጥ ትልልቅ ባለቢጫ ክንፍ ቱናዎች ከዶልፊን መንጋ ሥር ይዋኛሉ። ዶልፊን ለመተንፈስ ብቅ ስለሚል ከሩቅ ይታያል። ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ መርከቦች ዶልፊኑን በፈጣን ጀልባ እያሳደዱ መንጋውን በሙሉ በግዙፍ መረብ መክበብ ጀመሩ። ከዚያ የመረቡን ሥር በገመድ እንደ ከረጢት አፍ ይቋጥሩታል። ቱናው ተያዘ። ዶልፊኑም አብሮ ተያዘ። መረብ ሲጠመጥመው ወደ ላይ ወጥቶ መተንፈስ አይችልም፤ ታፍኖ ይሞታል። በዚህ ዓሣ ማጥመድ ዘመን ሁሉ የሞቱት ዶልፊኖች ከ6 ሚሊዮን በላይ እንደሆኑ ይገመታል።

መፍትሔው ሲሠራ ማየት ደስ ይላል። መረቡ በከፊል ከተሰበሰበ በኋላ መርከቡ ወደ ኋላ ይነዳል። መረቡ እንደ ቦይ ይረዝማል። በሩቁ ጫፍ ጠርዙን የሚያንሳፍፉት ቡሾች በጉተታው ኃይል ከውኃው በታች ይወርዳሉ። ዶልፊኖቹ ከላይ ስላሉ በወረደው ጠርዝ ላይ እየተንሸራተቱ ይወጣሉ፤ ቱናው ከታች ይቀራል። እዚያ ጫፍ ላይ ዓይኑ ጠባብ የሆነ መረብ ይሰፋል፣ የዶልፊኑ አፍና ክንፍ እንዳይገባበት። የቀረውን ሰው ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ገፍቶ ያሳልፈዋል። ዘዴውን የፈጠሩት ዓሣ አጥማጆቹ ራሳቸው ናቸው። ሁሉም እንዲሠራበት ያደረጉት ግን ሕጉና መርከብ ላይ የተሳፈሩት ተቆጣጣሪዎች ናቸው። በመቶ ሺዎች ይቆጠር የነበረው የዓመት ሞት ዛሬ ከአንድ ሺህ ገደማ አይበልጥም። ያም ሆኖ ዶልፊኖቹ የተጠበቀውን ያህል ቶሎ አልበዙም። መሳደዱ ራሱ እናትን ከልጇ እንደሚለያያት ብዙ ተመራማሪዎች ይጠረጥራሉ። አለመግደል አለመጉዳት ማለት አይደለም።

ስለዚህ ሕጉ ዓሣ አጥማጁን ዝም አላለውም። ግን እርስዎን በሚይዝበት መንገድም አልያዘውም። እርስዎ አቆስጣዋን አለመንካት ይችላሉ። መረብ የጣለ ሰው ግን ምን እንደሚገባበት ሙሉ በሙሉ መወሰን አይችልም። ከ1994 ወዲህ ለእሱ የተሰጠው መልስ ሒሳብ ነው። ለእያንዳንዱ የእንስሳት ስብስብ ሰው በዓመት ቢበዛ ስንት ቢገድል ስብስቡ ማገገም ይችላል የሚለው ይሰላል። አሠራሩ ቀላል ነው። መጀመሪያ ዝቅተኛው የቁጥር ግምት ይወሰዳል። በከፍተኛው የመራቢያ ፍጥነት ግማሽ ይባዛል። ከዚያ በጥንቃቄ ቁጥር ይባዛል፤ ይህ ቁጥር ከ1 እስከ 0.1 ይደርሳል፣ እንስሳው በተመናመነ መጠን ያንሳል። ለምሳሌ ያህል ቢያንስ 1,000 ዶልፊኖች አሉ እንበል። ለዶልፊንና ለዓሣ ነባሪ የሚወሰደው ፍጥነት 4 በመቶ ነው፤ ግማሹ 2 በመቶ። የጥንቃቄ ቁጥሩ 0.5 ከሆነ ውጤቱ 10 ነው። ሰው በዓመት ከ10 በላይ ከገደለ ስብስቡ አደጋ ላይ ነው ተብሎ ዓሣ አጥማጆች፣ ሳይንቲስቶችና የእንስሳት ተሟጋቾች በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው የቅነሳ ዕቅድ ማውጣት አለባቸው።

ሒሳቡ የሚያመውን ነገር የሚያሳየው በእርስዎ ባህር ላይ ነው። ከጠረፍዎ ወዲያ የሰሜን አትላንቲክ ራይት ዌል የሚባለው ዓሣ ነባሪ ያልፋል። በዓለም ላይ የቀሩት ከ400 ያነሱ ናቸው። ለእነሱ ሒሳቡ ሲሠራ ውጤቱ ከአንድ በታች ይመጣል። በዓመት አንድ እንኳ መሞት የለበትም ማለት ነው። ግን ይሞታሉ። አንዱ ገዳይ የመርከብ ግጭት ነው። ሌላው ገመድ ነው። የሎብስተር (ባለ መቆንጠጫ የባህር እንስሳ) ወጥመድ ባህሩ ወለል ላይ ይቀመጣል፤ ከእሱ ቀጥ ያለ ገመድ ወደ ላይ ወጥቶ ተንሳፋፊ ላይ ይታሰራል። ውኃው በእንዲህ ዓይነት ገመድ ደን ይሆናል። ዓሣ ነባሪው አፉን ከፍቶ ሲበላ ገመዱ በጥርሱ ምትክ ባሉት ዝርግ ሽፋኖች መካከል ይገባል፣ ክንፉ ላይ ይጠመጠማል። ከዚያ ወጥመዱን ለወራት እየጎተተ ይዋኛል፤ ገመዱም እየሰረሰረ ሥጋው ውስጥ ይገባል። ከ85 በመቶ የሚበልጡት ቢያንስ አንድ ጊዜ ተጠልፈው እንደነበር ጠባሳቸው ይናገራል።

ምን ተደረገ? ከ2008 ጀምሮ 65 ጫማና ከዚያ በላይ የሆኑ መርከቦች በተወሰኑ ወራትና ቦታዎች ከ10 ኖት (በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር ገደማ) በላይ መፍጠን አይችሉም። ገመዱ በ1,700 ፓውንድ ጉተታ የሚበጠስ ደካማ ክፍል እንዲኖረው ታዘዘ። ነገር ግን የፍጥነት ገደቡን ወደ አነስተኛ ጀልባዎች ለማስፋት የቀረበው ሐሳብ በጃንዋሪ 2025 ተሰረዘ። በሎብስተር አጥማጆች ላይ አዲስ ደንብ እንዳይጫን ደግሞ ኮንግረስ በዲሴምበር 2022 እስከ 2028 መጨረሻ ጊዜ ሰጠ። የአጥማጆቹን ኑሮ አውቃለሁ፤ ዕዳ ያለበት ጀልባና የሚማሩ ልጆች አሏቸው፣ ስጋታቸውም የውሸት አይደለም። ሒሳቡ አንድም አይሙት ሲል ስድስት ዓመት መጠበቅ ግን ስህተት ነው ብዬ አምናለሁ። ቅሬታዎ እውነት የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

ሕጉ የሚፈቅዳቸው ነገሮችም አሉ። የአላስካ ጠረፍ ቀደምት ነዋሪዎች ለምግብና ለእደ ጥበብ ማደን ይችላሉ፤ እንስሳውን ያስመናመኑት እነሱ አይደሉም። የሰው ሕይወት በቅርብ አደጋ ላይ ከሆነ ራስን መከላከል ይፈቀዳል። በኮሎምቢያ ወንዝ በቦንቪል ግድብ ሥር ተሰብስበው ሊጠፋ የተቃረበውን ሳልሞን የሚበሉ የባህር አንበሶችን ግዛቶች በፈቃድ ይገድላሉ። ይሄ ለእኔም ከባድ ነው። ሁለቱም እንስሳት በሕግ የተጠበቁ ናቸው፤ ግድቡን የሠራው ግን ሰው ነው።

ለእርስዎ የሚቀርበው «የደጉ ሳምራዊ» የሚባለው አንቀጽ ነው። በዓሣ ማጥመጃ ዕቃ ወይም በቆሻሻ የተጠለፈ እንስሳን ከከፋ ጉዳት ለማዳን በጥንቃቄ የፈታ ሰው፣ በ48 ሰዓት ውስጥ ካሳወቀ አይጠየቅም። ግን አንቀጹ ለተጠለፈ እንስሳ ነው፤ ለተኛች ግልገል አይሠራም። ዓሣ ነባሪ ላይ ደግሞ ፈጽሞ አይሞክሩት። በ2017 ካናዳ ውስጥ ብዙ ልምድ የነበረው ሰው ራይት ዌሉን ከገመዱ እንደፈታው ተመትቶ ሞቷል።

ሕጉ የአሜሪካ ነው፤ የሌላ አገር ባህር ላይ በቀጥታ አያዝም። የሚያዘው በገበያው ነው። ዓሣ አጠማመዱ የባህር አጥቢዎችን ከአሜሪካ መመዘኛ በላይ የሚገድል አገር ዓሣውን አሜሪካ ማስገባት የለበትም። በ2018 ፍርድ ቤት ቫኪታ የተባለችው ትንሽ አጥቢ ከምትኖርበት የሜክሲኮ ባህር በተወሰነ መረብ የተያዘ ምርት እንዳይገባ አግዷል። ቫኪታ ዛሬ የቀረችው አሥር ገደማ ናት። ገበያ መዝጋት ዘግይቶ ሲመጣ ይህን ያህል ነው የሚችለው።

አጥንቱን ላንሳ። የአጥቢ አጥንት መሆኑን መጀመሪያ ያረጋግጡ፤ የወፍ ወይም የዓሣ ከሆነ ጉዳዩ የለም። የአቆስጣ ከሆነ፣ ሥጋ ወይም ቆዳ ካልቀረበት፣ ከባህሩ ሩብ ማይል ባልራቀ መሬት ላይ ከተለቀመ መያዝ ይቻላል። ግን በ30 ቀን ውስጥ ከላይ ለጠቀስኩት የፌዴራል የዓሣ ሀብት መሥሪያ ቤት የአካባቢዎ ቢሮ ያስመዝግቡት። መሸጥ አይቻልም። ትልቅ ከሆነና የዓሣ ነባሪ ከመሰለዎት ግን ሊጠፋ የተቃረበ ዝርያ ሊሆን ስለሚችል ማስቀመጥ አይፈቀድም፤ ፎቶ አንስተው ይደውሉ። 30 ቀኑ አልፎ ከሆነም ይደውሉ። ደብቆ ከመያዝ መናገር ይሻላል።

በሚቀጥለው ጊዜ ግልገል ሲያዩ ያለማመንታት እንዲህ ያድርጉ። ቢያንስ 50 ያርድ፣ ማለትም 45 ሜትር ያህል ይራቁ። በእሷና በውኃው መካከል አይቁሙ፤ የእናቷ መንገድ ነው። ልጅዎ እጁን ዘርግቶ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ በአውራ ጣቱ ሊሸፍናት ይሞክር። ካልተሸፈነች ቀርባችኋል፣ ወደ ኋላ ሂዱ። ከዚያ ከሩቅ ፎቶ አንስተው ለሰሜን ምሥራቅ ጠረፍ የተመደበውን 866-755-6622 ይደውሉ። የት እንዳለች፣ ቁስል ወይም ገመድ እንዳለባት፣ ፊቷ እርጥብ ወይም ደረቅ መሆኑን፣ ከመቼ ጀምሮ እንዳለች ይጠይቁዎታል። ሠልጥነው ፈቃድ የተሰጣቸው ሰዎች መጥተው ያያሉ፤ ብዙ ጊዜ ምንም ሳያደርጉ ለአንድ ቀን ያህል ይከታተሏታል። እርስዎም መቆየት ከፈለጉ፣ ሌላ መንገደኛ ባልዲ ይዞ ሲመጣ ያ ሰውዬ ለእርስዎ እንዳደረገው ከሩቅ ይጩኹበት።